ሰውን የሚያሳድጉ ሰዎች

በዘመናችን «የአመራር ሥልጠና» የሚባል ሙያ አለ። የዚህ ሙያ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ እየተጠሩ አለቆችን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሰብስበው ያስተምራሉ፤ ስለ ዕቅድ፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፥ ከበታች ሠራተኛ ጋር ተስማምቶ ስለ መሥራት ይናገራሉ፤ ከዚያም የድካማቸውን ዋጋ ተቀብለው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰው ለተሰጠው ኃላፊነት የሚበቃ እንዲሆን መርዳት ሁልጊዜም መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ይህ ሙያ ትናንት ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ ተጠርዞ የመጣ ይመስላቸዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞችን ያሠለጥን የነበረው የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት እንኳ የተቋቋመው በ1952 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት አስቀድሞ ግን በወለጋ ምድር፥ ማንም «ሥልጠና» የሚል ስም ሳያወጣለት፥ መሪዎችን የማሳደግ ሥራ ተጀምሮ ነበር።

ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ልብ እንበል። አናጢ የሠራው ወንበር አናጢው ቆሞ ሳለ ይታያል፤ ሰው ይቀመጥበታል፥ ያመሰግነዋል ወይም ይነቅፈዋል። ሰውን የሚያሳድግ ሰው ሥራው የሚታየው ግን እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። አስተማሪው ሲታሰር፥ ሲሰደድ ወይም ሲሞት ሥራው ከቆመ፥ ተማሪ እንጂ መሪ አላሳደገም ማለት ነው። በወለጋ የሆነውን በዚህ ሚዛን እንየው።

ቢላ ከነቀምት ወደ ምዕራብ ከጊምቢ አልፎ በቦጂ አገር ያለች ከተማ ናት። ወደዚህ ወደ ቦጂ በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባሉ ቄስ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር መጡ። ቄሱ የሐማሴን ሰው ነበሩ፤ የኦሮሞን አገር በልጅነታቸው አላወቁትም፥ ቋንቋውም የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። የስዊድን ሚሲዮን ሰዎች ከ1866 ጀምረው በምፅዋ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ደክመው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ጦርነት፥ አንድ ጊዜ የነገሥታት ክልከላ፥ አንድ ጊዜ ወባ መንገዱን እየዘጋባቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ፈረንጆቹ ሊደርሱበት ያልቻሉትን አገር ኢትዮጵያውያኑ በእግራቸው ደረሱበት።

ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በቦጂ ምን ሠሩ? የሚያስደንቅ ነገር አልሠሩም። ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ፤ ሕዝቡን በሕዝቡ ቋንቋ አስተማሩ። ግእዝና አማርኛ የሚያውቅ ካህን፥ ዕውቀቱን እንደ ዙፋን አድርጎ ሕዝቡ ወደ እርሱ እንዲወጣ መጠበቅ በቻለ ነበር። እርሳቸው ግን ወረዱ። በ1905 ቤት በእሳት ሲያያዝ፥ በውስጥ የነበረውን ሰው ለማዳን ገብተው በዚያው ሞቱ። በቦጂ የቆዩት ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሰባት ዓመት አጭር ጊዜ ነው፤ የዛሬ ሹም በአንድ ወንበር ላይ ከዚህ የበለጠ ይቀመጣል።

የቄሱ ሥራ ከእሳቱ ጋር አልጠፋም፤ ምክንያቱም ከመሞታቸው በፊት ኦኔሲሞስ ነሲብ ደርሰው ነበር። ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 በምፅዋ ከባርነት ነፃ ወጥተው በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልከው ከ1876 እስከ 1881 ተማሩ። ተመልሰውም ሁለት ጊዜ ወደ ወገናቸው አገር ለመግባት ሞከሩ። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሄዱ፤ መንገዱ ተዘጋ። ሁለተኛ በታጁራ በኩል ተጉዘው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያም እንዲመለሱ ታዘዙ። ሌላ ሰው ቢሆን «ዕድሌ አይደለም» ብሎ በስዊድን ቋንቋ እየጻፈ በሰላም ባረጀ ነበር። እርሳቸው መግባት ሲከለከሉ መጽሐፍ መተርጐም ያዙ፤ በ1893 አዲስ ኪዳንን፥ በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞኛ አሳተሙ። ሰውየው ሊገቡበት ያልተፈቀደላቸውን አገር መጽሐፋቸው ቀድሟቸው ገባበት። በ1904 እርሳቸውም ራሳቸው ቦጂ ደረሱ፥ ከዚያም የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀብለዋቸው በነቀምት ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ስለሚታለፍ አንድ ሰው ረዘም አድርገን እንናገር። ኦኔሲሞስ ከወገናቸው የተለዩት በልጅነታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ የኖሩት በሌላ ቋንቋ መካከል ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚተረጕሙበት ቋንቋ በአፋቸው ላይ ሳስቶ ነበር። ይህን ጕድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። እርስዋም እንደ እርሳቸው በባርነት ተሸጣ በባሕር ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች አስጥለዋት ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት የገባች ናት። ቋንቋውን በደንብ ታውቅ ነበር፤ የምታስታውሰውም ነገር ብዙ ነበር። ኦኔሲሞስና ጓደኞቻቸው ይህን ባዩ ጊዜ «ተማሪ ናት፥ ገና ናት» አላሉም፤ ከባዱን ሥራ ሰጧት። 15,000 ያህል ቃላት ያሉበትን መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ረዳች፤ 500 ያህል ተረቶች፥ ምሳሌዎች፥ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ከቃል ወደ ጽሑፍ አወጣች። ከዚያም ውስጥ ከፊሉ በ1894 በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በ1904 እርስዋም ወደ ወለጋ መጥታ መምህርት ሆነች፤ እስከ 1964 ድረስ ኖራለች።

እንግዲህ እናስተውል። ማን ነው አስተማሪው፥ ማንስ ነው ተማሪው? በዕድሜና በትምህርት ኦኔሲሞስ ይበልጣሉ፤ በቋንቋው ጥልቀት ግን ታናሺቱ ትበልጣለች። ትልቁ ሰው ይህን ሳያፍር ተቀበለ። ከእርሱ የሚበልጥ ነገር ያለበትን የበታች ሰው ሲያይ የሚፈራ አለቃ፥ ሥልጠናውን መቶ ጊዜ ቢወስድ ሰው አያሳድግም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ትልቁ በሽታ ይኸው ፍርሃት ነው ብል አጋነንክ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም። ኦኔሲሞስ ስማቸው በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ይገባቸዋልም። የአስቴር ስም ግን እስካሁን የሚገባውን ያህል አልተነገረም።

የኦኔሲሞስ የነቀምት ኑሮ የጸጥታ ኑሮ አልነበረም። በ1906 ካህናት ከሰሷቸውና በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማር ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ ብዙ ዓመት በዚህ ማሰሪያ ውስጥ ኖሩ። አንድ መሪ አፉ በተዘጋበት ዘመን ምን ያደርጋል? ሌሎች የሚናገሩ ሰዎች ካሉት ሥራው ይቀጥላል፤ ከሌሉት ከእርሱ ጋር ይዘጋል። በወለጋ ማንበብ የተማሩ ሰዎች ስለ ነበሩ አልተዘጋም። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምት ዐረፉ።

በቦጂና በጊምቢ አካባቢ ያደጋችሁ ወጣቶች የቡና ችግኝ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃላችሁ። ፍሬው ከተዘራ በኋላ በመደቡ ላይ ዳስ ይሠራለታል፤ ፀሐይ ቢያገኘው ይጠወልጋልና። ችግኙ ሲጠነክር ግን ዳሱ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ዳሱን ሳያነሣ ችግኙን ድንገት ወደ ማሳ ያወጣ ገበሬ ችግኙን ያቃጥለዋል፤ ዳሱን ፈጽሞ የማያነሣም ቀጭን ሐመልማል ብቻ ያሳድጋል። ፍሬውንም ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል። ሰውን ማሳደግ ከዚህ የሚለየው፥ ያሳደገው ሰው ብዙ ጊዜ ዘርቶ የሚቅም አለመሆኑ ነው።

በ1936 ዳሱ በአንድ ቀን ተነሣ። ኢጣልያኖች አገሩን ሲይዙ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን እንዲወጡ ተደረገ። ትምህርት ቤቱም፥ ሕክምናውም፥ የጸሎቱም ቤት በድንገት በአገሩ ሰዎች እጅ ወደቀ። ብዙ ሰው ሥራው ይሞታል ብሎ ነበር፤ ግን አልሞተም። በደምቢ ዶሎ በኩል የነበሩትን ቄስ ጊዳዳ ሶላንን ብቻ እንጥቀስ። እኒህ ሰው በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ይዟቸው ዓይናቸው ጠፋ፤ በልመናም ኖረው ነበር። በዓይናቸው ፊደል ማየት የማይችሉት ሰው ግን ተምረው አስተማሪ ሆኑ፤ በወረራውም ዘመን የውጭ አገር ሰዎች በሌሉበት ሕዝባቸውን ይዘው ቆዩ። ዓይነ ስውር ለማኝ ያየ ሰው ምጽዋት ይሰጣል። በለማኙ ውስጥ መሪ ያየ ሰው ግን ከምጽዋት ሌላ ነገር ሰጥቶ ነበር። ልጃቸው ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ይህን የምናነሣው ለክብራቸው ሳይሆን፥ ለአንድ ሰው የተሰጠ ዕድል በምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ቦጂ እንመለስ። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በሞቱ በ24ኛው ዓመት፥ በ1929፥ በዚሁ በቦጂ ጉዲና ቱምሳ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በነቀምት ሆስፒታልም ሠርተው ድሬሰር ሆኑ። የድሬሰር ሥራ ምን እንደ ሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ድሬሰር ማለት ቍስል የሚያጥብ፥ የሚያሽግ፥ መርፌ የሚወጋ፥ ለሐኪሙም ቀኝ እጅ የሚሆን የሕክምና ሠራተኛ ነው። ይህ ሙያ የሚያዘው ከመጽሐፍ ይልቅ በሐኪሙ ጐን በመቆም ነበር፤ አስቀድሞ ዕቃውን መቀቀል፥ ቀጥሎ ማቀበል፥ ቀጥሎ ሐኪሙ እያየ ራስ መሥራት፥ በመጨረሻም ሐኪሙ በሌለበት መሥራት። ስለ አመራር ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያሳይ ግን ብዙ አላየሁም።

ጉዲና በ1958 ቅስና ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። እንደ ተመለሱ በ1966 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ዕድሜያቸው 37 ዓመት ነበረ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት በዚያን ጊዜ ሌላው የወለጋ ሰው አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ፤ እርሳቸውም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩ፥ በአምባሳደርነት በውጭ አገር ያገለገሉ፥ በዚያን ጊዜም የመንግሥት ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ሚኒስትር የሆነ ሰው የቤተ ክርስቲያን የዕለት ሥራ ሁሉ ራሱ ሊሠራ እንደማይችል የታወቀ ነው። ሆኖም ሥራው ለሌላ ቢሰጥም ቍልፉን በኪሱ የሚይዝ አለቃ ብዙ አይተናል። ከዚህ ዘመን ሥራ እንደምንረዳው ለወጣቱ ጸሐፊ ቍልፉም ተሰጥቷቸው ነበር።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ስትቋቋም 20,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ ከዚያ በኋላ በብዙ ፍጥነት አደገች። ማደጓም ችግር አመጣ። ሰው ይበዛል፤ ሰውን የሚያስተምርና የሚመራ ግን ይጎድላል። የውጭ አገር እርዳታ ሰጪዎች ገንዘብ ይልኩ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለትምህርት ቤት፥ ለሐኪም ቤት፥ ለውኃና ለእርሻ ሥራ ብቻ እንዲውል ይፈልጋሉ። መሪ ለማሠልጠን ሲጠየቁ «ይህ የልማት ሥራ አይደለም» የሚል ነበር ነገሩ። በ1971 የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ ይህ መለኪያ እንዲመረመር፥ ለመሪዎች ሥልጠናም እርዳታ እንዲሰጥ ጠየቀ። በ1972 ቄስ ጉዲናና ባልደረቦቻቸው ወደ ሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ጽሑፍ ላኩ፤ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት የሚናገር ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውን ከነፍሱ ከፍለህ አንዱን በርዳታ ሌላውን በቸልታ ልታሳድግ አትችልም። ሕንፃ ሠርተህ በውስጡ የሚሠራውን ሰው ካላሳደግህ ሕንፃው ይቀራል፥ ሥራው ይቆማል። በገንዘብ ድሃ የሆነ አገርም በሌላ ነገር ድሃ ነው ማለት አይደለም፤ ሰጪውም አገር በሀብቱ መካከል የጐደለው ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን ቃል ገንዘብ የሚቀበል ሰው ገንዘብ ለሚሰጠው ሰው መናገሩን አስተውሉ። ተቀባይ ብዙ ጊዜ ሰጪውን ያመሰግናል እንጂ አይመክርም። ጽሑፉ በብዙ አገር ተነበበ፤ ተከራከሩበት፤ በ1974ም በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ተደረገ።

እኔ ይህን ጽሑፍ የማየው በሃይማኖት በኩል ብቻ አይደለም። በወረዳው ሁሉ የተሠራና የተዘጋ ሕንፃ፥ ሞተሩ የቆመ የውኃ ጕድጓድ፥ ኃላፊው የሄደበት ወፍጮ ያያችሁ ሁሉ ጕዳዩ ምን እንደ ሆነ ትረዳላችሁ። ለሲሚንቶ ገንዘብ መስጠት ቀላል ነው፤ ሲሚንቶ ይቈጠራል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሰው በአንድ ዓመት ምን ያህል እንዳደገ ግን በሚዛን አይመዘንም፤ ስለዚህ ሒሳብ የሚጠይቅ ሁሉ ይሸሸዋል። የዛሬውም የሥልጠና ሙያ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል፤ የተሰበሰበው ሰውና የታደለው የምስክር ወረቀት ይቈጠርና ሥራው ተፈጸመ ይባላል።

በ1974 አብዮቱ መጣ። አቶ አማኑኤል እንደ ሌሎቹ ሚኒስትሮች ታሰሩ፤ ኋላ ተፈትተው እስከ 1985 ድረስ በፕሬዚዳንትነታቸው ቆዩ። በወለጋ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ቄስ ጉዲናም ታስረው ተፈቱ። በዚህ ጊዜ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተዘጋጀላቸው፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ እጅ እንዳለበትም ይነገራል። እርሳቸው ግን ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ እምቢ አሉ።

ስለዚህ እምቢታ ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ። አንዳንዱ «መሪ በሕይወት ቢኖር ይሻል ነበር፥ ከውጭ ሆኖም ሊሠራ ይችል ነበር» ይላል። ይህ ነገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ኦኔሲሞስም ከሩቅ ሆነው መጽሐፍ ተርጕመዋልና። ነገር ግን የኦኔሲሞስ መንገድ የተዘጋው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ቄስ ጉዲና ግን ሌሎችን በየገጠሩ አሰማርተው «ቁሙ» ሲሉ ኖረዋል። እነዚያ ሰዎች አውሮፕላን አልተዘጋጀላቸውም። ያሠለጠናቸውን ሰዎች ዝናብ ላይ ትቶ ራሱ ከጥላ የገባ አሠልጣኝ፥ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቃል ማን ጆሮ ይገባል? እኔ ከሁለተኛው ፍርድ ጋር ነኝ፤ የመጀመሪያውን የሚሉትን ግን አልነቅፍም።

ሐምሌ 28 ቀን 1979 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ ካገለገሉበት የጸሎት ስብሰባ ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ወይዘሮ ጸሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ ቄስ ጉዲና ግን ተገደሉ፥ የት እንደ ወደቁም ለቤተ ሰባቸው አልተነገረም። ወይዘሮ ጸሐይ በ1980 ተይዘው እስከ 1989 ታሰሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን የጸሎት ቤታቸው የተዘጋባቸው ምእመናን በየሰዉ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ የሚመሯቸውም አብዛኞቹ ደመወዝ የሌላቸው ገበሬዎች፥ መምህራንና ሴቶች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ቍጥር በዚያ ዘመን አላነሰም፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠር ሆኗል።

መንግሥት ተለውጦ በ1992 የቄስ ጉዲና ዐፅም በአዲስ አበባ በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። ወይዘሮ ጸሐይም ከእስር ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።